ካሲኖው ሲሸጥ ስራዬስ ምን ይሆናል ላልሽው

እህቴ ካሲኖው ስለተሸጠ ብቻ ከስራ ትወጫለሽ ማለት አይደለም፣ ግን ዋናው የዩኒየን (የሰራተኛ ማህበር) ኮንትራታችሁ ነው። ቬጋስ ክፍል አፅጂ ከሆንሽና የከሊነሪ 226 (የቬጋስ ሆቴልና ካሲኖ ሰራተኞች ዩኒየን) አባል ከሆንሽ ሾፕ ስቴዋርድሽን፣ ማለት ስራ ቦታ ያለችውን የዩኒየን ተወካይ፣ ጠይቂና ገዢው ሰራተኛውንም ኮንትራቱንም ይረከባል የሚለውን አንቀፅ አሳዪኝ በያት። እሱ ካለ ሲኒየሪቲሽም (ከተቀጠርሽበት ቀን የሚቆጠረው የአገልግሎት ዘመንሽ) ደሞዝሽም ይቀጥላል። ከሌለ ግን የአሜሪካ ፌደራል ህግ አዲሱን ባለቤት ሁላችሁንም ቅጠር ብሎ አያስገድደውም፣ ከቀጠራቸው ሰራተኞች አብዛኞቹ የድሮዎቹ ከሆኑ ግን ከዩኒየኑ ጋር መደራደር ግዴታው ነው።

ቬጋስ ያለው ሚራዥ ካሲኖ በ2022 ለሃርድ ሮክ ኩባንያ ሲተላለፍ ሰዉ ስራው ላይ ቀጥሏል፣ የተዘጋው በ2024 ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ እኔ የነበርኩበት ሲሸጥ ሺፍት ጨርሼ ዩኒፎርሜን እንኳን ሳላወልቅ ወረቀት ሰጡኝ ፈረምኩ፣ ለካ የተቀጠርኩበት ቀን የሚለው ላይ የዛን ቀን ነው የፃፉት! ለማስተካከል ወራት ፈጀብኝ፣ ያዳነኝ የድሮ የደሞዝ ወረቀቴ ነው። ያንቺን ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው፣ ቀኑን ሳታዪ እንዳትፈርሚ።