የጠመንጃ አፈሙዝ በቤት ውስጥ ስለ መቀየር፦ ጥያቄና መልስ

የጠመንጃቸውን አፈሙዝ በራሳቸው እጅ ለመቀየር ያሰቡ ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ሳይሆን አረሩ የሚያልፍበትን ሙሉውን የብረት ቱቦ ማለቴ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ጥይት የሌለበት መሆኑን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥና ሥራው በሚሠራበት ክፍል ውስጥ አንድም ጥይት አለማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ጠመንጃዬ እንደ ድሮው አይመታም። አፈሙዙ ማርጀቱን በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ዒላማ መሳቱን ብቻ አይተው አይፍረዱ። የላላ የማነጣጠሪያ ብሎን፣ እርጥበት ያሳበጠው የእንጨት ሰደፍ፣ የአፈሙዙ ጫፍ ላይ የደረሰ ግጭት ወይም በውስጡ የተጠራቀመ መዳብ ጤነኛውን አፈሙዝ ያረጀ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ብሎኖቹን ያጥብቁ፣ ውስጡን መዳብ በሚያሟሟ ፈሳሽ በሚገባ ያጽዱ፣ ከዚያም ቀደም ሲል በደንብ ይመታበት በነበረው የጥይት ዓይነት እንደገና ይሞክሩት። ከዚህ በኋላም አረሮቹ ከተበታተኑ ወደ ጉሮሮው ይመልከቱ፤ ጉሮሮ የምለው ጥይቱ ከሚያርፍበት ክፍል ፊት፣ ጠመዝማዛው ቦይ የሚጀምርበትን ቦታ ነው።

አፈሙዝ ከሌላው አካሉ ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም የባሩዱ ጋዝ ገና በትኩሱና በሙሉ ግፊቱ የሚያልፈው በዚያ ጠባብ ስፍራ ነው። ለ.308 ዊንቸስተር ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 427 ሜጋፓስካል ገደማ መሆኑን ማወቅ ብረቱ በእያንዳንዱ ተኩስ ምን እንደሚችል ለመገመት ይረዳል። በቀጭን የውስጥ መመልከቻ ካሜራ ሲታይ የአዲስ አፈሙዝ ጉሮሮ ለስላሳ፣ የቦዮቹም ጠርዝ ስል ነው። የተቃጠለው ግን በጥቃቅን ስንጥቆች የተሸፈነ፣ ጠርዙ የደነዘዘ፣ መልኩም የጠቆረ ሆኖ ይታያል። ስንጥቅ መታየቱ ብቻውን አፈሙዙ አበቃለት አያሰኝም፤ ብዙ ተኩስ ያየ አፈሙዝ ሁሉ ይህ ምልክት አለበት። የመቀየሪያው ጊዜ ደረሰ የሚባለው ይህ ምልክትና የአረሮቹ መበታተን አብረው ሲገኙ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ነው የሚቀየረው?

መልስ፦ እንደ ጥይቱ ዓይነት ይለያያል። .308 ዊንቸስተር የሚተኩስ አፈሙዝ 5,000 ጥይትና ከዚያም በላይ በጥሩ ሁኔታ ሊያገለግል ይችላል፤ 6.5 ክሪድሞር ከ2,000 እስከ 3,000 ባለው መካከል፣ በጠባብ አፈሙዝ ብዙ ባሩድ የሚያቃጥሉት ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይደክማሉ። እነዚህ ቁጥሮች ግምት ናቸው፤ ከቁጥሩ ይልቅ የአተኳኮስ ልማድ ይበልጣል። አፈሙዙ በእጅ እስከማይነካ ድረስ ግሎ እያለ መተኮስን የሚቀጥል ሰው እድሜውን በግማሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ይህ ሥራ በእርግጥ በቤት ውስጥ የሚሠራ ነው? አንዳንዱ ቀላል ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ፈጽሞ አትሞክረው ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ተለያዩ ጠመንጃዎች ነው። ውሳኔው በሰውየው ድፍረት ሳይሆን አፈሙዙ ከመሣሪያው አካል፣ ማለትም መቀርቀሪያው (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ከሚንቀሳቀስበት ዋና ብረት ጋር በተያያዘበት መንገድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ አዲስ አፈሙዝ ከመግዛትዎ በፊት የእርስዎ ጠመንጃ ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

አንደኛው ዓይነት አፈሙዙ ራሱ ጥርስ ወጥቶለት በቀጥታ ወደ አካሉ የሚጠመዘዝና በትከሻው ወይም በኋላ ፊቱ ተደግፎ የሚቆም ነው። ማውዘር 98 እና ሬሚንግተን 700 በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። በእነዚህ ላይ አፈሙዙ የሚቆምበት ቦታ የተወሰነ ስለሆነ የጥይት ማረፊያው ጥልቀት ለዚያ ለአንዱ መሣሪያ ተለክቶ መቆፈር አለበት፤ ይህም ቶርኖና የማረፊያ መቆፈሪያ መሣሪያ ይጠይቃል። ማረፊያው ሆን ተብሎ አጠር ተደርጎ የተቆፈረ አፈሙዝ ለሽያጭ ይቀርባል፤ ነገር ግን የቀረውን ጥልቀት መጨረስ ራሱ የባለሙያ ሥራ ነው። ይህን ዓይነት ጠመንጃ ወደ ባለሙያ ይውሰዱ ብዬ እመክራለሁ።

ሁለተኛው በዳዶ የሚታሰረው ነው። በ1958 የወጣው ሳቬጅ 110 በዚህ ይታወቃል። አፈሙዙ እየተጠመዘዘ ወደፊትም ወደኋላም ሊንቀሳቀስ ስለሚችል ትክክለኛው ቦታ በመለኪያ ይገኝና በዳዶው ይቆለፋል። የጥይት ማረፊያውን ሳይነኩ ልኩን ማስተካከል የሚቻለው በዚህ ብልሃት ስለሆነ፣ ጥንቁቅ ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችለው ይህኛው ነው።

ሦስተኛው የኤአር 15 ዓይነት ነው፤ መቀርቀሪያው የሚቆለፈው በአፈሙዙ ጀርባ ላይ በተገጠመ የብረት ቀለበት ውስጥ በመሆኑ ልኩ በአብዛኛው ከፋብሪካው ተወስኖ ይመጣል። ያም ሆኖ አዲስ አፈሙዝና አሮጌ መቀርቀሪያ ሲገናኙ መለካቱ አይቀርም። የኤኬ አፈሙዝ ግን በፕሬስ ተገፍቶ የሚገባና በፒን የሚያዝ ስለሆነ ለቤት ሥራ አይመችም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው የሚፈራው ይህ «ልክ» ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥይቱ ማረፊያው ውስጥ ገብቶ መቀርቀሪያው ሲዘጋ፣ ከመቀርቀሪያው ፊት ጀምሮ ጥይቱን ወደፊት እንዳይሄድ እስከሚያቆመው ቦታ ድረስ ያለው ርቀት ነው። አንገታቸው ጠበብ ብሎ ትከሻ ባላቸው በአብዛኞቹ የዘመናችን የጠመንጃ ጥይቶች የሚያቆማቸው ትከሻቸው ነው። ርቀቱ ካነሰ መቀርቀሪያው አይዘጋም፣ ወይም በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም። ከበዛ ደግሞ ቀለሁ በተኩሱ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይለጠጣል፤ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎም ይሳሳል፤ ሲብስ ለሁለት ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ በአፈሙዙ በኩል መውጣት የነበረበት ጋዝ በመቀርቀሪያው በኩል ወደ ተኳሹ ፊትና ዓይን ይመጣል።

መጠኑን በቁጥር ልግለጽ። መለኪያ የምለው በጥይት ቅርጽ የተሠራ፣ በጥይቱ ፋንታ ማረፊያው ውስጥ የሚገባ ብረት ነው። ለ.308 ዊንቸስተር «የሚገባ» የሚባለው መለኪያ 41.40 ሚሊሜትር፣ «የማይገባ» የሚባለው 41.50 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ማለትም 0.1 ሚሊሜትር ነው። አፈሙዝ የመቀየር ሥራ አስቸጋሪነቱ ሁሉ በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው፤ የቀረው ቁልፍ ማዞር ነው። መቀርቀሪያው በሚገባው መለኪያ ላይ ሙሉ በሙሉ መዘጋት፣ በማይገባው ላይ ደግሞ አለመዘጋት አለበት።

በዳዶ በሚታሰረው ዓይነት ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመቀርቀሪያው ላይ መርፌው ከነስፕሪንጉ፣ የቀለህ መሳቢያውና መግፊያው ይወጣሉ፤ እነዚህ ካልወጡ የስፕሪንጋቸው ግፊት እጅዎን ያታልለዋል። የሚገባው መለኪያ ማረፊያው ውስጥ እንዳለ መቀርቀሪያው ይዘጋል፤ አፈሙዙም በእጅ እየተጠመዘዘ መለኪያውን ነካ አድርጎ እስኪቆም ድረስ ይገባል። ዳዶው ከታሰረ በኋላ ሁለቱም መለኪያዎች እንደገና ይሞከራሉ፤ ምክንያቱም ሲጠብቅ አፈሙዙን በጥቂቱ ሊጎትተው ይችላል። የመቀርቀሪያውን እጀታ የሚያንቀሳቅሱት በሁለት ጣት ብቻ ይሁን። መለኪያው ጠንካራ ብረት ስለሆነ በመዳፍ የገፋ ሰው መለኪያውንም መሣሪያውንም ይጎዳል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተሳሳተ መልስ ማግኘቱ ነው።

ጥያቄ፦ መለኪያ የለኝም። በመለኪያው ፋንታ አዲስ ጥይት ወይም ያልተተኮሰ ቀለህ መጠቀም አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም። የፋብሪካ ቀለህ በተፈቀደ የልዩነት ወሰን ውስጥ አጭርም ረጅምም ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል ልክን አይመሰክርም። እውነተኛ ጥይት ተጠቅሞ መለካት ደግሞ ከነአደጋው ነው፤ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ጥይት አይኑር ያልኩትም ስለዚህ ነው። መለኪያዎቹን መግዛት ወይም መዋስ ካልተቻለ ሥራውን አይጀምሩት።

ጥያቄ፦ አሮጌው አፈሙዝ አልፈታ ብሎኛል። በሞርሳ ይዤ፣ በአካሉ ቀዳዳ ብረት አስገብቼ ባዞረውስ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። የጠመንጃ አካል የጥይት መግቢያው በኩል ተቆርጦ ክፍት የሆነ ብረት ነው፤ በቀዳዳው ብረት አስገብቶ መጠምዘዝ አካሉን ያጣምመዋል። መጣመሙ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ነገር ግን የመቀርቀሪያው መቆለፊያ ጉጦች ከዚያ በኋላ እኩል አይደገፉም። አፈሙዙ መያዝ ያለበት በልኩ በተቦረቦረ እንጨት ወይም አሉሚኒየም ውስጥ ሆኖ ነው፤ አካሉ ደግሞ የፊት ቀለበቱን ዙሪያውን በሚያቅፍ፣ ለዚያ ሞዴል በተሠራ ቁልፍ መያዝ አለበት። ጥርሱ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አድርጎ ማሳደርና መድገም ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ጥያቄ፦ በእሳት ባሞቀውስ?

መልስ፦ ይህ ከቀደመው የባሰ ነው። የአካሉ ጥንካሬ የተገኘው በፋብሪካ በተደረገለት የሙቀት ሕክምና ስለሆነ፣ መቆለፊያው አካባቢ በእሳት የተነካ አካል ሊለሰልስ ይችላል፤ ይህንንም ያለ ላቦራቶሪ ማወቅ አይቻልም። የብረት ሙቀት አያያዝ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ለመረዳት የአሜሪካኑን ስፕሪንግፊልድ 1903 ማስታወስ ይበቃል። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ የተሠሩት፣ ተከታታይ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት፣ ብረቱ ሲቀጠቀጥ ከልክ በላይ በመሞቁ ተሰባሪ የሆኑ ስላሉባቸው እስከ ዛሬ ድረስ እንዳይተኮስባቸው ይመከራል። ያንን ስሕተት የሠራው ሙሉ መሣሪያ የነበረው ፋብሪካ ነው። በዘይትና በትክክለኛ መያዣ አልፈታ ያለ አፈሙዝ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ጥያቄ፦ የኤአር 15 አፈሙዝ ዳዶ ምን ያህል ይጠበቅ?

መልስ፦ የተለመደው ወሰን ከ41 እስከ 108 ኒውተን ሜትር ነው፤ የጋዝ ቱቦው በሚያልፍበት ቀዳዳ ትክክል እስኪሆን ድረስ በዚህ ወሰን ውስጥ ይስተካከላል። ጥርሱ ላይ ግሪስ ይደረግ፤ ደረቅ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ሲታሽ ይነካከሳል።

ጥያቄ፦ አዲስ አፈሙዝ ስመርጥ የቦዩ ጥምዝ መጠን ልዩነት ያመጣል?

መልስ፦ በጣም ያመጣል፤ ብዙ ሰው ርዝመትና ክብደት ሲያወዳድር ይህን ይረሳዋል። አረሩ እንዳይንገዳገድ የሚያደርገው መሽከርከሩ ሲሆን፣ ረጅም አረር ፈጠን ያለ ጥምዝ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ የኤአር 15 አፈሙዞች በ14 ኢንች አንድ ዙር የሚያዞሩ ነበሩ፤ በከባድ ብርድ፣ አየሩ በሚወፍርበት ጊዜ፣ አረሩን በበቂ ሁኔታ ስላላረጋጉት ወደ 12 ኢንች ተለወጡ፤ በኋላም ኤም 16 ኤ 2 ረጅም አረር መተኮስ ሲጀምር ወደ 7 ኢንች ወረደ። 3.6 ግራም የሚመዝነው የ.223 አረር በ12 ኢንቹ ጥምዝ ደህና ይበራል፤ 5 ግራም የሚመዝነው ግን ወደ 8 ወይም 7 ኢንች ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚተኩሱትን አረር ይወስኑ፣ ከዚያ አፈሙዙን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ አፈሙዝ በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው?

መልስ፦ ጉሮሮው በካሜራ ካልታየና ማረፊያው ለየትኛው ጥይት እንደተቆፈረ በእርግጠኝነት ካልታወቀ አይግዙት። በተለይ በአሮጌዎቹ 8 ሚሊሜትር ማውዘሮች ላይ ይጠንቀቁ፤ የቀድሞው ጥይት አረር 8.08 ሚሊሜትር፣ ከ1905 ጀምሮ የመጣው ደግሞ 8.20 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ሰፊው አረር በጠባቡ አፈሙዝ ሲተኮስ ግፊቱ አደገኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሕጉስ?

መልስ፦ ከአገር አገር ስለሚለያይ ከመግዛትዎ በፊት የአገርዎን ፈቃድ ሰጪ አካል ይጠይቁ። በአሜሪካ በፌዴራል ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ የሚቆጠረው አካሉ ሲሆን አፈሙዝ እንደ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ይሁን እንጂ ከ16 ኢንች ያጠረ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ የተለየ ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን አፈሙዙ ራሱ ከመሣሪያው ዋና ክፍሎች አንዱ ነው። በ1914 የተመሠረተው ሲአይፒ የተባለው የጦር መሣሪያ ፍተሻ ኮሚሽን አባል በሆኑ አገሮችም አፈሙዝ የተቀየረለት ጠመንጃ በመንግሥት የፍተሻ ጣቢያ ከተለመደው ከፍተኛ ግፊት 25 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ተፈትኖ ማኅተም ማግኘት አለበት። ለእኔ ይህ ደንብ ከወረቀት ሥራ በላይ ነው፤ የሥራዎን ጥራት ከእርስዎ ሌላ ሰው የሚመረምርበት ብቸኛው አጋጣሚ እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራው አልቋል፣ መለኪያዎቹም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያውን ጥይት እንዴት ልተኩስ?

መልስ፦ በተፈቀደ የተኩስ ስፍራ፣ ጠመንጃው በማስደገፊያ ላይ ታስሮ፣ ቃታው ከከለላ ጀርባ ሆኖ በገመድ ይሳብ። አስቀድመው አፈሙዙ ውስጥ ጨርቅ ወይም ዘይት አለመቅረቱን በብርሃን ይመልከቱ። የሚተኩሱት የፋብሪካ ጥይት ይሁን። ከዚያ ቀለሁን አንስተው ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ በብርሃን እያዞሩ ይመርምሩ፤ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ ቀለሁ እየተለጠጠ ነውና ተኩሱ እዚያው ይቁም። በመቀመጫው መሐል ያለው ለኳሽ ጠፍጥፎ ወይም ከጎኑ ጋዝ አምልጦ ከጠቆረም እንዲሁ። ቀለሁ ንጹሕ ከሆነ ሁለት ሦስት ጥይት በተመሳሳይ ሁኔታ ይድገሙና እያንዳንዱን ቀለህ ይመርምሩ፤ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የጥይቱን ዓይነት ከቀየርኩስ ሌላ የማደርገው ነገር አለ?

መልስ፦ የአዲሱ ጥይት ስም አፈሙዙ ላይ በግልጽ ይቀረጽ፤ በቀለም አይጻፍ። አካሉ ላይ ያለው የቀድሞ ጽሑፍ ከአፈሙዙ ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ ጠመንጃው በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ያ ሰው የሚያምነው የትኛውን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። በተለይ .300 ብላክአውትና .223 በአንድ ዓይነት ካዝናና መቀርቀሪያ ስለሚሠሩ፣ የመጀመሪያው ጥይት በሁለተኛው አፈሙዝ ውስጥ ገብቶ መሣሪያ የሚፈነዳበት አጋጣሚ አለ፤ ሁለቱም ያሉዎት ከሆነ ካዝናዎቹን ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው፣ ጥይቶቹንም በአንድ ሣጥን አያስቀምጡ።