ፋብሪካው ወደ ግድቡ ወይስ ኃይሉ ወደ ኮምቦልቻ? ጥያቄና መልስ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ኢንጂነር፣ ህዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ፋብሪካዎች ጥለውን ወደዚያ ይሄዱ ይሆን?

መልስ፦ እንደ ፋብሪካው ነው። አንድ ቶን አሉሚኒየም 14,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። አይስላንድ ማዕድኑ ሳይኖራት አሉሚኒየም የምታመርተው ለዚህ ነው፤ ጥሬ ዕቃው በመርከብ ወደ ኃይሉ ይመጣል። ልብስ ስፌት ግን ሠራተኛና የጅቡቲን መንገድ ይከተላል። የኮምቦልቻ ፓርክ ስጋቱ ግድቡ መራቁ ሳይሆን የሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) እና የትራንስፎርመር አቅም ነው። ትራንስፎርመር ሳታዩ ማሽን አትግዙ!

ጠያቂ (ደሴ)፦ 500 ኪሎዋት ማሽን ልተክል ነው። 630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ይበቃል?

መልስ፦ ፓወር ፋክተሩስ? ማለትም ትራንስፎርመሩ ከሚሸከመው ጠቅላላ ኃይል (ኬቪኤ) ሥራ የሚሠራው (ኪሎዋት) ድርሻ። እሱን ሳይጽፉ መጠየቅ ከንቱ ነው። 0.75 ከሆነ 500 ሲካፈል ለ0.75፣ 667 ኬቪኤ ይመጣል፤ ትራንስፎርመሩ ይግላል። ወደ 0.95 ካደረሱት 526 ኬቪኤ ስለሚሆን ይበቃል። ለዚህ 277 ኪሎቫር (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ገደማ ካፓሲተር፣ ማለትም ፓወር ፋክተርን የሚያሻሽል ዕቃ፣ ያስፈልጋል፤ ባለ 50 ኪሎቫር ስድስት አድርገው ከአውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ጋር ይግዙ። ያለ መቆጣጠሪያ በቋሚነት ከተገናኘ ሌሊት ሞተሩ ሲቆም ካፓሲተሩ ብቻውን መስመር ላይ ይቀርና ቮልቴጁን ያንረዋል። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ድራይቭ ካለ ደግሞ ካፓሲተሩ ከሪአክተር (ከሚጠብቀው የሽቦ ጥቅል) ጋር ይሁን፤ አለዚያ ድራይቩ በሚፈጥረው የሞገድ መዛባት (ሃርሞኒክስ) አብጦ ይፈነዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አብዛኛው ዕቃ የተሰላው ለ1,000 ሜትር ነው። ስስ አየር አያቀዘቅዝምና አምራቹን በከፍታ ምክንያት የዕቃው አቅም ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይጠይቁ። ደግሜ እላለሁ፤ መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ!

ሌላ አባል፦ ኃይሉ ለኬንያ እየተሸጠ እኛ ጨለማ ውስጥ ነን።

ሌላ አባል፦ የኬንያው 500 ኪሎቮልት መስመር ሌላ፣ የሰፈራችን 15 ኪሎቮልት ሌላ። ምሰሶ ሲወድቅ ሽያጩን አንውቀስ።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ምሰሶው የሚጠገነው በምን ገንዘብ ነው? ከሽያጩ አይደለም?

መልስ፦ ክርክሩን ለሌላ ቀን። ስለ ማሽን የሚጠይቅ አለ?

ጠያቂ፦ ስንት የፀሐይ ፓነል ይበቃኛል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ኪሎዋቱንና ሰዓቱን ይጻፉ። ለአሁኑ ይህን ይያዙ፤ ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ዕቃዎች ወደሚጠቀሙበት የሚቀይር መሣሪያ) መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ፀሐይ ቢያቃጥልም። ባትሪ ያለው ሃይብሪድ (መስመር ሲጠፋም የሚሠራ) ካልሆነ ለመቆራረጥ መፍትሔ አይሆንም።

ጠያቂ፦ 630 ኬቪኤ ለእኔስ ይበቃል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ፓወር ፋክተር!