ከቤት ውጭ ለሚሠራ የእንጨት በረንዳ

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ባለው ተዳፋት ግቢዬ የእንጨት በረንዳ ላሠራ አስቤአለሁ። አናጢው ቋሚዎቹን መሬት ውስጥ እንቅበራቸው ይላል፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አይቅበሯቸው። እንጨት ቶሎ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በአፈሩ ገጽ አካባቢ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ቋሚ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የኮንክሪት መሠረት ላይ በብረት መያዣ ያሳስሩት። ከእንጨት ጥድ ይመረጣል፤ ባሕር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ ከተመታ ይጣመማል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እንዲንጠፈጠፍ በጣውላዎቹ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ከሥር ያሉትን ሞራሌዎችም በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያስደርድሩ። ሚስማር ውሎ አድሮ ብቅ እያለ እግር ስለሚወጋ (ልጆች በባዶ እግራቸው መሮጣቸው አይቀርም) ጣውላውን በቪቴ ማሰር ይሻላል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ ልብስ ስለሚያቆሽሽና አፈሩን ስለሚበክል አልመክርም።