ሮቦቱ ነው የሚራመደው ወይስ እናቴ?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ለማራመድ ስለሚለበሱ ሮቦቶች የሚጠይቁ ናቸው። የሚመልሱት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ስትሮክ ከመታት ሰባት ሳምንት ሆናት። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ሁለት ሰው ካልደገፋት አትቆምም። ማገገሚያው ውስጥ ኤክሶ የሚባለውን ሮቦት እያለበሱ ያራምዷታል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ሳየው ማሽኑ ተሸክሟት የሚሄድ ይመስለኛል። እግሯ አይሰንፍም? ባለፈው ደግሞ ቅልጥሟ ላይ ቀይ ምልክት አየሁ።
— ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ከንቱ አይደለም። ማሽኑ በሁለቱም በኩል ዳሌና ጉልበት ላይ ሞተር አለው። ባለሙያዋ ከፈለገች እርምጃውን በሙሉ ለማሽኑ ትተዋለች፤ ከፈለገች ደግሞ ደህናውን እግር ለቅቃ፣ ለደከመው እግር የጎደለውን ያህል ብቻ እንዲጨምርለት ታዘዋለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙሉ እገዛ መስጠት ነውር የለውም፤ ሰውነት መቆምንና ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወርን መልሶ ይለማመዳል። ጥፋቱ ያ ቅንብር ለሳምንታት ሳይነካ ሲቀር ነው። እግሩ ሳይለፋ ከሄደ አንጎል የሚማረው ነገር የለም።

ስለዚህ ከየቀጠሮው በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት እርምጃ ሄዱ? ቆመው ከቆዩበት ጊዜ ውስጥ የተራመዱት ስንት ደቂቃ ነው? እገዛው ካለፈው ቀንሷል ወይ? የፊተኞቹን ሁለቱን ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል፤ ደብተር ላይ ይያዟቸው። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ቢያንስ አይደንግጡ፤ የዳሌ ስፋት፣ የጭንና የቅልጥም ርዝመት ሲለካ ነው ሰዓቱ የሚያልቀው።

ቀዩ ምልክትም የሚመጣው ከዚሁ ልክ ነው። የማሽኑ የጉልበት ማጠፊያ ከእናትዎ ጉልበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ እግሩ በታጠፈ ቁጥር ማሰሪያው ቆዳውን ሽቅብ ቁልቁል ይፈትገዋል። ቦታውን በጣትዎ ተጭነው ይልቀቁት። ነጣ ብሎ መልሶ ከቀላና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ከጠፋ አያሳስብም። ከቆየ ወይም ቆዳው ከተላጠ ግን ልኩ ሳይስተካከል ማሽኑን መልሰው አይልበሱ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በእጅዎ ጀርባ ዳስሰው ከዙሪያው የሞቀ ወይም የጠጠረ መሆኑን ይለዩ። የደከመው ጎን ስሜቱ ስለሚደነዝዝ እናትዎ «አመመኝ» እስኪሉ አይጠብቁ፤ ማየቱ የእርስዎ ሥራ ነው።

ጊዜው ግን ጥሩ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 62 ጥናቶችንና 2,440 ሰዎችን አጠቃሎ፣ ማሽን ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተዳምሮ ሲሰጥ ከ8 ሰዎች አንድ ተጨማሪ ሰው ያለ ረዳት ለመራመድ እንደሚበቃ አስልቷል። ይበልጥ የተጠቀሙት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ያሉና ገና መራመድ ያልቻሉት ናቸው፤ እናትዎ በሁለቱም በኩል ይገባሉ። «ተዳምሮ» የምትለው ቃል ግን አትታለፍ። ማሽኑ መጣ ተብሎ የወትሮው ፊዚዮቴራፒ ሰዓት ከተቀነሰባቸው ይከራከሩ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፤ ስትሮክ ከመታኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በከዘራ እሄዳለሁ፤ ግን የግራ እግሬ ጣት መሬት እየጫረ ያደናቅፈኛል። የእስራኤል ኩባንያ የሠራው፣ እንደ ልብስ የሚለበስ ቀላል ሮቦት አለ ሲሉ ሰማሁ። ይሆነኛል?
— ከነታንያ

መልስ፦ የሰሙት ሪስቶር ስለሚባለው ይመስለናል። ሐሳቡ የተወለደው አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ውስጥ ባለው ዊስ ኢንስቲትዩት ነው፤ ለገበያ ያበቃው ግን እስራኤል ውስጥ የተመሠረተው ሪዎክ ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 ስሙን ላይፍዋርድ ብሎ ቀይሯል። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ መሣሪያውን ለስትሮክ ሕሙማን የፈቀደው በጁን 2019 ነው።

እግር ላይ የሚታሰር የብረት አጥንት የለውም። ሞተሩና ባትሪው ወገብ ላይ ይታጠቃሉ። ከዚያ ሁለት ገመዶች፣ ልክ እንደ ብስክሌት የፍሬን ሽቦ በሽፋናቸው ውስጥ እየተሳቡ፣ አንዱ በባት በኩል ወደ ተረከዝ፣ ሌላው በቅልጥም ፊት ወደ ጫማው አፍንጫ ይወርዳሉ። ጫማ ላይ የሚሰኩ ሴንሰሮች እርምጃው የት እንደደረሰ ይለያሉ። እግርዎ መሬት ሊለቅ ሲል የኋላው ገመድ ተረከዙን ሽቅብ ይስባል፤ ወደፊት የሚገፋዎት ይኸው ነው። እግሩ አየር ላይ ሳለ ደግሞ የፊቱ ገመድ ጣቶቹን ቀና ያደርጋቸዋል። እርስዎን የሚያስቸግርዎት ይህ ሁለተኛው ነው።

ጉልበትን ግን አይዝም። ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ከዚህ ልብስ ብዙ አይጠቀምም። ከ120 ኪሎ በታች መመዘን፣ ጥቂት እርምጃ በራስ መሄድና የባለሙያውን ትእዛዝ መከተል ያስፈልጋል፤ ቁርጭምጭሚቱም ወደ ታች ተቆልምሞ የደረቀ መሆን የለበትም። ይህን የመጨረሻውን ቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። ተቀምጠው ጉልበትዎን ይዘርጉ፤ ሌላ ሰው ተረከዝዎን ይዞ የእግርዎን መዳፍ ወደ ቅልጥም ቀስ አድርጎ ይግፋ። 90 ዲግሪ ከደረሰ ደህና ነው። በድንገት ከገፋው እግሩ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ያ የጡንቻ ግትርነት ነው እንጂ የጅማት ማጠር አይደለም፤ አረፍ ብላችሁ በዝግታ ድገሙት።

የሚያስገኘውንም እናስላ። በ5 ማዕከላት 44 ሰዎች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት፣ ከ5 ቀን ልምምድ በኋላ ልብሱ ወልቆ ሲለካ ፈጣን እርምጃቸው በአማካይ በሴኮንድ 0.07 ሜትር ጨምሯል። ጥናቱ የመሣሪያውን ደኅንነት ለመፈተሽ የተደረገ ነው፤ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም። ወደ ራስዎ ሲያመጡት፦ 14 ሜትር ኮሪደር ይለኩ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን 2 ሜትር ሳይቆጥሩ የመካከሉን 10 ሜትር በሰዓት ይያዙ። 20 ሴኮንድ ከፈጀብዎት ፍጥነትዎ 0.5 ነው፤ 0.07 ሲጨመርበት ወደ 17 ሴኮንድ ተኩል ይወርዳል። ከቤት ወጥቶ እንደልብ ለመግባት መመዘኛው 0.8 ነው፤ 12 ሴኮንድ ተኩል ማለት ነው። ትርፉ አለ፤ ግን ትንሽ ነው።

ሁለት ዓመት ላለፈውና በራሱ ለሚሄድ ሰው ሮቦት ሁሌም አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ ትሬድሚል ላይ በሎኮማት ሮቦት ከሠለጠኑት ይልቅ በፊዚዮቴራፒስት እጅ የሠለጠኑት ፍጥነታቸው የበለጠ ተሻሽሏል። ሪስቶር ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ከባለሙያ ጋር የሚለማመዱበት እንጂ ለብሰውት ገበያ የሚሄዱበት አይደለም። ችግርዎ የጣትዎ መሬት መጫር ብቻ ከሆነ ቁፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅትዎ) ሄደው አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ፕላስቲክ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ወይም ነርቩን በኤሌክትሪክ ስለሚያነቃው መሣሪያ ይሁን። እነዚህ ቀኑን ሙሉ አብረውዎት ይውላሉ።

ጥያቄ፦ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ሮቦት መግዛት ጀምሯል ይባላል። ለባለቤቴ ስትሮክ ይከፍላል?
— ከሲያትል

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 መክፈል የጀመረው የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰራቸው ተጎድቶ ቤታቸው ለሚጠቀሙበት ሰዎች ነው፤ በዚያ ዓመት የተወሰነው ዋጋም 91 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ለስትሮክ የሚታዘዘው ክሊኒክ ውስጥ ያለው ነው፤ ሂሳቡ የሚመጣው እንደ ተራ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎት የቀጠሮው ብዛት ገደብ አለው ወይ ብለው ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመቱ ነው፤ ስትሮክ ከመታው ሦስት ዓመት ሆነው። ሰው ይዞት ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ግራ እግሩ ይጎተታል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ያገለገለ ኤክሶ የሚሸጥ አይቻለሁ፣ ልላከው ይላል።
— ከአዲስ አበባ፣ ኮልፌ

መልስ፦ አይላክ። ማሽኑ ያለ ሠለጠነ ባለሙያ የሚለበስ አይደለም፤ ባትሪውና ሶፍትዌሩም ከአምራቹ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ከዚህ የሚከፋው አደጋው ነው፦ ለዓመታት ክብደት ያልተሸከመ እግር አጥንቱ ይሳሳል፤ የገተረ ጉልበትን ሞተር በግድ ሲያጥፈው አጥንቱ ሊሰበር ይችላል።

በዚያ ገንዘብ እጅግ ትንሽ ክፋይ በጀሶ ተለክቶ የሚሠራ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ያሠሩላቸው። ሲረከቡ ተረከዛቸው የድጋፉ ወለል ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን ይዩ፤ ከተንሳፈፈ እግሩ ውስጥ ውስጡን ይንሸራተታል፣ ቆዳውም ይቆስላል። ከሥሩ ረጅም የጥጥ ካልሲ ሳይጨማደድ ይልበሱ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ቆዳው ደህና ከሆነ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይጨመር። ጫማው ከወትሮው ሰፋ ያለ፣ የውስጥ ሶሉ የሚወጣና የሚታሰር ይሁን። ነጠላ ጫማ ፈጽሞ አይሆንም።

ልምምዱ ከወንበር መነሣት ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር። ከከበዳቸው ወንበሩ ላይ ጋቢ አጥፈው ከፍ ያድርጉላቸው፤ ሲቀልላቸው ጋቢውን ያንሱት። የደከመው እግር ከደህናው ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ይበል፤ አለበለዚያ ሥራውን ሁሉ ደህናው ይሠራዋል። ለመራመዱ ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ ያስታጥቋቸውና በደከመው ጎን ቆመው ቀበቶውን ይያዙ። ክንዳቸውን አይጎትቱ፤ ስትሮክ የመታው ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወርዳል። እርምጃውን እየቆጠሩ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ይጨምሩ፤ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ከዞረባቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው እዚያው ያስቀምጧቸው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነውና። ድጋፉ የሚሠራው ከጫማ ጋር ነው፤ ለብቻው ንጣፍ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገቡ ጫማቸው ከወለቀ ድጋፉም አብሮ ይውለቅ፤ ከደጁ እስከ መቀመጫው ሁለት ሰው ይያዛቸው።