«ውሃው ይፈላል፣ ጭሱ ይጠቁራል»፦ አሮጌ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ለገዙ ገበሬ

ጥያቄ፦ በቆጋ መስኖ የምጠቀም የመርዓዊ አካባቢ ገበሬ ነኝ። ሁለት ክረምት ጥግ ላይ ቆማ የከረመች ባለ 12 ፈረስ ጉልበት የቻይና ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር አምና ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ እየተፋች በስንት ልመና ትነሳለች። ማረስ ስጀምር ደግሞ ጭሷ ይጠቁራል፣ ጉልበት ያንሳታል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከላይ ያለው ውሃ ይንተከተካል። አማቼ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ሞተሩ ይውረድ» ይላል። ገንዘቤን ላውጣ ወይስ ልሽጣት?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይሽጧት። ሞተሩንም ገና አያስወርዱ።

በመጀመሪያ ከውሃው ጭንቀት ልገላግልዎ። ራዲያተር የሌላትና ውሃዋን ከላይ በገንዳ የምትይዝ ከሆነች፣ መፍላቱ ጤናዋ ነው። የተሠራችው እንዲያ ነው፤ ሙቀቱን ይዞት የሚወጣው እንፋሎቱ ነው። የእርስዎ ሥራ ቀይዋ ተንሳፋፊ ምልክት ዝቅ ስትል ውሃ መጨመር ብቻ ነው። ሳያዩት ውሃው ካለቀ ግን በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳያፈሱ፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል። አጥፍተው፣ እስኪበርድ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ። ከቦይ የሚቀዱትን ውሃ በጨርቅ ያጥልሉት፤ ደለሉ ገንዳው ሥር እየተጋገረ ሙቀት ያፍናል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ገና እንደተነሳች፣ ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ አረፋ እየተንቦለቦለ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበልቷል ማለት ነው።

የአማችዎን ጥርጣሬ ሳንቲም ሳያወጡ ይፈትኑት። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ነዳጁ ተዘግቶ፣ የትንፋሽ (የታመቀ አየር) መልቀቂያዋን ሳይነኩ ቮላኖውን (ከባዱን የሞተር መዘውር) በሁለት እጅዎ ቀስ አድርገው ያዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጠንክሮ እጅዎን ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ ትንፋሽ አላት። ያለ ችግር ዙሮ የሚያልፍ ከሆነ ግን ወይ ፋሻው ወይ ቫልቮላው አልቋል፤ ያን ጊዜ አማችዎ ልክ ናቸው።

እኔ ግን ከፋሻው በፊት የምጠረጥረው የአየር ፊልትሮውን ነው። ዘይት የሚይዘውን የታችኛውን ሳህን ይፍቱት። ባለፈው ዓመት አንድ ገበሬ እንደ እርስዎ «ጉልበት አጣች» ብለው ጠርተውኝ ስፈታው፣ ከሥሩ የወጣው ነገር የጠላ አተላ ይመስል ነበር፤ በጣቴ ብቆነጥረው ቀይ ጭቃ። ሽቦውን በናፍጣ አጥበን፣ አድርቀን፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ሞልተን ስናስነሳት ጥቁሩ ጭስ ግማሹ ጠፋ። በበጋ አቧራ ይህን ሳህን በየቀኑ ይዩት። ከምልክቱ በላይም አይሙሉት፤ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል።

ግማሹ ጠፋ ያልኩት አውቄ ነው። የቀረው የአገራችን ከፍታ ነው። 12 ፈረስ ጉልበት የተባለው ባሕር ጠርዝ ላይ ነው፤ በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል። መርዓዊ 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የእርስዎ ሞተር ደህና ሆኖም ከ10 አይበልጥም። አየሩ ሳስቶ ነዳጁ ሲበዛ ጭሱ ይጠቁራል። ስለዚህ ደረቅ ቀይ አፈር በጥልቀት አያስቆፍሯት። ገመሳውን በበሬ ይጨርሱ፤ ማለስለሱን ለእሷ ይተዉላት። ውሃ ካጠጡ በኋላ አፈሩን በእጅዎ ጨብጠው ሲለቁት፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረካከስ ከሆነ ያስገቧት፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ይታገሡ።

የጠዋቱ ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍጣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ገንዳው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ጨምረው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ልመናው ያጥራል። ሁለት ክረምት የቆመ ታንከር ውስጥ ውሃና ዝገት አይጠፋም፦ ሙሉ በሙሉ ያፍስሱት፣ የነዳጅ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ከዚያ በመስመሩ የቀረውን አየር ያስወጡ። በጀሪካን የመጣ ናፍጣ አንድ ሌሊት ሳይነካ ይደር፤ የሥሩን አይቅዱ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ጭስ ከቀጠለ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ብቻ አስፈትተው ለፖምፓ ባለሙያ ይውሰዱ። የሞተሩንም ዘይት ዛሬ ነገ ሳይሉ ይቀይሩት፤ ወተት የመሰለ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ከተነሳች በኋላ የዘይት ምልክቷ ከፍ ካላለች ወዲያው ያጥፏት።

ስታስነሱ ማስነሻ እጀታውን አውራ ጣትዎን ከሌሎቹ ጣቶች ጎን አድርገው ይያዙት እንጂ አይጠቅልሉበት። ወደ ኋላ ስትመታ አውራ ጣት ትሰብራለች።

አሁን ከጠየቁኝ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻጩ የሚነግርዎ አይመስለኝም። ሜዳ ላይ የግራውን መሪ መያዣ ሲጨብጡ ወደ ግራ ትዞራለች። ጋሪ ጎትታ ቁልቁለት ስትወርድ ግን ይገለበጣል፦ የግራውን ሲጨብጡ የግራው ጎማ ከሞተሩ ይለቀቅና በራሱ ይሮጣል፣ የቀኙን ሞተሩ ይይዘዋል፣ እሷም ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ወጣት ሳለሁ ይህን ሳላውቅ ሁለት ኩንታል ድንች ጭኜ ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ድንቹን ስንለቅም አመሸን። ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፣ የመሪ መያዣዎቹን ሳይጨብጡ በክንድዎ ጉልበት ይምሯት፣ በፍሪሲዮንም ሞተሩን ከጎማው አያላቁ።

ቺንጋዎቹን (የሞተሩን ቀበቶዎች) በአውራ ጣት ሲጫኑ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይርገቡ። አንዱ ከተበጠሰ ሁሉንም አብረው ይቀይሩ፤ አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ቶሎ ያልቃል።

ክረምት ሲገባ ውሃውን አፍስሱላት፣ ቮላኖውን ጠንክሮ የሚገፋበት ቦታ ድረስ አዙረው ያቁሟት፤ ቫልቮላዎቹ ተዘግተው እርጥበት አይገባም። ጭስ መውጫው ላይ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይድፉበት። በመስከረም ሲያስነሷት ጣሳውን ማንሳት አይርሱ፤ አለበለዚያ የሚያርፈው ጎረቤት ግቢ ነው።