ጀርባ ሰጥቶ መቅዘፍ

የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ፣ «ጋሼ፣ 31 ሞላኝ እኮ፤ ቀዘፋ ለመጀመር አልረፈደብኝም?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ የጀመርኩት በ46 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ስሠራ የምውል ሰውዬ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ልጄን የምታህል አሠልጣኝ እየጮኸችብኝ። ለሱ የነገርኩትን ለናንተም ልጻፈው።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ ውሃና ታንኳ አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱ ወደሚሄድበት ነው። እዚህ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ነው የምትሄዱት። መቀመጫው ራሱ በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። የልጅነት እውቀቴ አምስት ደቂቃም አልቆየ።

ትልቅ ሰው ሲማር ጣጣው ጉልበቱ ነው። ሁሉን በጉልበት ሊጨርስ ይፈልጋል። ጂም ውስጥ ኮንሴፕት ቱ የሚባለው የቀዘፋ ማሽን ላይ የሚቀመጡ ጎረምሶችን እዩ፤ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጎኑ ላይ ያለችውን ማንሻ መጨረሻው 10 ላይ መስቀል ነው። ከ3 እስከ 5 ይበቃል። ማንሻዋ ወደ ማሽኑ የሚገባውን አየር ነው የምትጨምረው እንጂ ጉብዝና አትለካም።

እጀታውን ስትስቡ እግር ይቀድማል፣ ወገብ ይከተላል፣ ክንድ መጨረሻ ነው። እንደገና ለመሳብ ስትመለሱ ክንድ፣ ወገብ፣ እግር። ይህን በአንድ ቀን ትሸመድዱታላችሁ። ሰውነቴ እስኪገባው ግን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዋናው ነገር ያለው መመለሱ ላይ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን የውድድር ጀልባ 14 ኪሎ ገደማ ነው። እኔ 82 ኪሎ ነኝ። ተቻኩዬ ስንሸራተት ያ ሁሉ ሸክም እግር መርገጫው ላይ ይወድቃል፤ ጀልባዋ ፍሬን እንደተያዘባት መኪና ትንገጫገጫለች። ስስብ ያገኘሁትን ስመለስ እመልሰዋለሁ ማለት ነው። አሠልጣኟ አንድ ጠዋት «ዝም ብለህ ውሃውን ስማው» አለችኝ። ሰማሁት። ቀስ ብዬ ስመለስ ከጀልባዋ ሥር ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ። ስቸኩል ቁርጥ ይላል። መሳቡ አንድ ከፈጀ፣ መመለሱ ሁለት ይፍጅ። በደቂቃ 18 ጊዜ መሳብ፤ ከዚያ በላይ ለወራት አልተፈቀደልኝም። በጣም ተናድጄ ነበር። ልክ ነበረች።

ደግሞ እጀታውን አንቃችሁ አትያዙት። አንድ ቀን ኪ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ሥር ስንደርስ መቅዘፊያዬ ውሃ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። እጀታው ተፈናጥሮ ጎኔን መታኝ፤ ስምንት ሰው የያዘ ጀልባ በኔ ምክንያት ቆመ። ፈረንጆቹ «ክራብ ያዝክ» ይሉታል፣ ሸርጣን መሆኑ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሳቀብኝ አልጠፋም። እንደ ባልዲ ማንጠልጠያ በጣታችሁ ብቻ ያዙት፤ መዳፍ አያስፈልግም። መዳፋችሁ ከተላጠ እያነቃችሁት ነው።

ዋና የማትችሉ መጀመሪያ እሱን ተማሩ። ጀልባው ቢገለበጥ አትልቀቁት፤ ይንሳፈፋል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

አንድ ሰው ደግሞ ከጎን ሆኖ በስልክ ይቅረጻችሁ። እኔ ቀጥ ብዬ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ቪዲዮው ላይ ያየሁት አልጋ ሥር የገባበትን ሳንቲም የሚፈልግ ሰው ነው። ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አላሳየኋትም።