ኤፍቲ8 ላይ የራሳችንን የውድድር ፎርማት ማስገባት ይቻላል? ጠይቁኝ

ከቱሉ ዲምቱ ነኝ። ኤፍቲ8 እኛ የሬዲዮ አማተሮች በኮምፒውተር እየታገዝን አጫጭር መልእክት በአየር ላይ የምንለዋወጥበት ዘዴ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የላካችሁልኝ ጥያቄ ስለተመሳሰለ እዚሁ በአንድ ላይ ልመልስ። ሌላም ካላችሁ ወርውሩ፤ መብራት እስካለ አለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለከተማችን የሬዲዮ አማተሮች ትንሽ ውድድር አስበናል። ልውውጡ (በግንኙነቱ ጊዜ የምንነጋገረው መረጃ) የክፍለ ከተማ ስም ይሁን ብለናል። ሶፍትዌሩ ላይ «አቃቂ»፣ «ለሚ ኩራ» ብለን መጨመር እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። ችግሩ ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን መልእክቱ ላይ ነው። ኤፍቲ8 በአንድ ዙር የሚልከው 77 ቢት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ኮልሳይን (የጣቢያ መለያ ስም) 28 ቢት ይሄዳል፣ ለግሪድ (ዓለምን በሳጥን ከፋፍሎ ቦታህን የሚናገር ኮድ) 15። 15 ቢት 32,768 ቁጥር ይይዛል፤ የዓለም ግሪድ ደግሞ 32,400 ነው። በቀረችው 368 ቦታ ላይ የሲግናል ሪፖርቱም፣ «ደርሶኛል»ም፣ መሰናበቻው 73ም ተጋፍተው ተቀምጠዋል። አቃቂን የት ልታስቀምጣት ነው?

ጥያቄ፦ በነፃ ጽሑፍስ?

መልስ፦ 13 ፊደል፣ ያውም ላቲን። ሶፍትዌሩ ነፃ ጽሑፍን እንደ ልውውጥ ስለማይቆጥረው ተራህ በደረሰ ቁጥር ሁሉንም በእጅህ ትጽፋለህ፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ። ሞክሬው ሻዬ በረደ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ያለውን መደርደሪያ ፈትሹ። ተራው ባለ 4 ፊደል ግሪድ ለእኛ አይረባም። 9ኛው ዲግሪ የኬክሮስ መስመር ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ኤርፖርት ስትወርድ መሀል ላይ ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ኬጄ99፣ ከዚያ በታች ኬጄ98። በቃ፣ ከተማው በሙሉ ሁለት ሳጥን ሆነ ማለት ነው። ግን ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ (የኤፍቲ8 ሶፍትዌሩ) ውስጥ የአውሮፓ ቪኤችኤፍ ውድድር የሚባል ምርጫ አለ፤ ተራ ቁጥርና ባለ 6 ፊደል ግሪድ ይልካል። በእኛ አካባቢ የዚያ ሳጥን ስፋት ከሰሜን ደቡብ 4.6 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ምዕራብ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቱሉ ዲምቱና ሳሪስ ሁለቱም ኬጄ98 ሆነው በዚህ ይለያያሉ። ክፍለ ከተማውን እርሱት፣ ሳጥን ቁጠሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ግሪዱ ቦታ ስለሚበላ ኮልሳይኖቹ ተጨምቀው ነው የሚሄዱት፣ አንዱ በ12፣ ሌላው በ22 ቢት። ሙሉውን ኮልሳይን ቀድሞ ያልሰማ ሰው በስሙ ፈንታ ሦስት ነጥብ ነው የሚያየው።

ጥያቄ፦ ኮዱ ክፍት ነው አይደል? እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ አዲስ የመልእክት ዓይነት ልጨምርበት?

መልስ፦ ክፍት ነው፤ ማንም አይከለክልሽም፣ እህቴ። ግን ያንቺን ቅጂ ያልጫነ ሰው አንድም ነገር አይገባውም። በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ላይ መልእክቱ ከ75 ወደ 77 ቢት ሲያድግ አሮጌውና አዲሱ ቅጂ አልተግባቡም፤ ዓለም ሁሉ ማሻሻል ነበረበት። ለአሥር ሰው ውድድር ይሄን ጣጣ ምን አመጣው? እጅሽ ከበላሽ ሎጉ (የግንኙነቶች መዝገቡ) ላይ ሥሪ። ነጥብ አቆጣጠሩን፣ የተደገመ ግንኙነት ደንቡን፣ የነጥብ ማባዣውን እንደፈለግሽ ማድረግ ትችያለሽ፤ አየር ላይ የሚሄደው ሳይነካ። ሎጉን በአዲፍ (የሎግ ፋይል ዓይነት ነው) አውጥተሽ በትንሽ ስክሪፕት መቁጠር ነው። ኤን1ኤምኤም የሚባለው የውድድር ሎግ ሶፍትዌርም የራስሽን ውድድር በፋይል እንድትጽፊለት ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ ነጥቡን በምን እንስጥ?

መልስ፦ በርቀት ስጡ። ወርልድ ዋይድ ዲጂ የሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ለእያንዳንዱ ግንኙነት 1፣ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ 1 ይጨምራል። እናንተ 3,000ውን 5 አድርጉት።

ጥያቄ፦ አርቲቲዋይ ወይም ፒኤስኬ31 የሚባሉትን ሌሎች የጽሑፍ መላኪያ ዘዴዎች ብንጠቀምስ?

መልስ፦ እነሱ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፤ ፊደል በፊደል ነው የሚሄደው። ኤፍኤልዲጂ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ማክሮ (አስቀድሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ) አዘጋጁና «አቃቂ»ን በላቲን ላኩ። ደካማ ሲግናል ላይ ግን ኤፍቲ8 ይበልጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ወርልድ ዋይድ ዲጂ የሚጀምረው ቅዳሜ 12፡00 ዩቲሲ (የዓለም መለኪያ ሰዓት) ይላል። ማታ 12 ሰዓት ነው?

መልስ፦ አይደለም! በዚህ አምና አንድ ወዳጄ ሦስት ሰዓት ከስሯል። ከዩቲሲ ላይ 3 ቀንስ፤ በእኛ ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ሰዓትም ከአንድ ሰከንድ በላይ ከተዛነፈ የመጣውን መልእክት መፍታት ሊያቅተው ይችላል። ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ከሆንክ በዩኤስቢ የሚሰካ ጂፒኤስ ያዝ።